ከድሬዳዋ ቶሮንቶ በፍራንክፈርት በኩል፦ ርካሹን ትኬት ከመክፈላችሁ በፊት

ጥያቄ፦ «ሐረር ነው የምንኖረው። የ68 ዓመት እናቴ የካናዳ የጎብኚ ቪዛ አግኝታ ቶሮንቶ ወንድሜ ዘንድ ልትሄድ ነው። ከአማርኛ፣ ከኦሮምኛና ከሐረሪ ሌላ ቋንቋ አትችልም፤ ጉልበቷንም ያማታል። ወንድሜ ኢንተርኔት ላይ ርካሽ ትኬት አግኝቷል። ከአዲስ አበባ ፍራንክፈርት በአንድ አየር መንገድ፣ ከፍራንክፈርት ቶሮንቶ በሌላ ነው፤ ሁለቱ ለየብቻ ይገዛሉ። ከድሬዳዋ አዲስ አበባ ያለውን እዚህ እንቆርጣለን። ፍራንክፈርት ላይ ስትሄድ ሰባት ሰዓት ያህል፣ ስትመለስ ደግሞ ከጠዋት እስከ ማታ ትጠብቃለች። ሰዓቱ ይበቃል? ወንድሜ ብዙ ስለሚበር የአየር መንገድ የወርቅ አባል ነው፤ በእሱ ስም ላውንጅ (አውሮፕላን ማረፊያ ውስጥ ለተመረጡ መንገደኞች የተዘጋጀ የማረፊያ ክፍል) ገብታ ትረፍ ይላል። ይቻላል?»

ምላሽ፦

ወንድሜ፣ እናትህን እንኳን ለዚህ አበቃቸው። ሰዓቱ ይበቃል፤ እንዲያውም ይተርፋል። እኔን ያሳሰበኝ ሰዓቱ ሳይሆን «ለየብቻ ይገዛሉ» ያልከው ነው። ድሬዳዋ ከዚራ ትኬት ቢሮ ተቀምጬ ከሐረር፣ ከጅግጅጋና ከድሬ የሚመጣውን መንገደኛ ሳስተናግድ የኖርኩ ሰው ነኝና በግልጽ ልንገርህ፦ በዚህ ትኬት እናትህን እንዳትልኩ። ምክንያቱን በዝርዝር አስረዳሃለሁ፤ ለወንድምህም አንብብለት።

ሁለቱ ትኬቶች ከተለያዩ ቦሌ ላይ የሚታሰረው የሻንጣ መለያ የሚያበቃው ፍራንክፈርት ላይ ነው። የመጀመሪያው አየር መንገድ የሚያውቀው እስከዚያ ድረስ ያለውን ጉዞ ብቻ ነው። ሻንጣው ፍራንክፈርት ሲደርስ እንደማንኛውም መድረሻው ጀርመን እንደሆነ ሰው ሻንጣ ወደ መረከቢያው አዳራሽ ይሄዳል። አዳራሹ ያለው ደግሞ ከጀርመን የፓስፖርት መቆጣጠሪያ ወዲያ ነው። እዚያ ለመግባት የሸንገን ቪዛ፣ ማለትም ጀርመንን ጨምሮ የብዙ አውሮፓ አገሮች የጋራ ቪዛ ያስፈልጋል፤ እናትህ የላቸውም። ሻንጣው በመቆጣጠሪያው ወዲያ፣ እሳቸው ወዲህ ሆነው ይቀራሉ። ሰባት ሰዓት ቀርቶ ሰባት ቀን ቢሰጣቸው ይህ አይፈታም።

ከዚያ በፊት ግን ቦሌ ላይ ራሱ ሊቆሙ ይችላሉ። መንገደኛ መመዝገቢያው ላይ ያለችው ሠራተኛ ፓስፖርቱንና ቪዛውን የምታመሳክረው ቲማቲክ በሚባለው፣ የዓለም አየር መንገዶች ማኅበር በሚያዘጋጀው የመረጃ ሥርዓት ነው። እሷ ፊት ያለው ትኬት ፍራንክፈርት ላይ ካለቀ፣ የምታየው የሸንገን ቪዛ የሌላቸው እናት ወደ ጀርመን ሊገቡ ሲሉ ነው። ሌላ ትኬት አለ ብሎ ማስረዳት ይቻላል፤ ነገር ግን በእኩለ ሌሊት፣ ከኋላ ረጅም ሰልፍ ተሰልፎ፣ ለብቻቸው የሚጓዙ እናት እንዲከራከሩ መተው ተገቢ አይደለም። የመጀመሪያው በረራ ዘግይቶ ሁለተኛው ቢያመልጣቸውም ተጠያቂ የለም። አንደኛው «እኔ ፍራንክፈርት አድርሻለሁ» ይላል፤ ሌላኛው «መንገደኛዋ በሰዓቱ አልቀረቡም» ይላል።

እዚህ ላይ ስለ ቪዛው አንድ የሚያስደስት ነገር አለ። ኢትዮጵያ ዜጎቻቸው በአውሮፓ አውሮፕላን ማረፊያ ለማለፍ ብቻ እንኳ የመሸጋገሪያ ቪዛ ከሚጠየቁ አገሮች ዝርዝር ውስጥ ናት። ነገር ግን በ2009 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር የወጣው የሸንገን የቪዛ ሕግ የካናዳ፣ የአሜሪካ ወይም የጃፓን ጸንቶ ያለ ቪዛ የያዘን ሰው ከዚህ ግዴታ ነፃ ያደርጋል። በዚያ ቪዛ ተጠቅሞ ሲመለስም ነፃነቱ ይቀጥላል። ስለዚህ የእናትህ የካናዳ ቪዛ ለፍራንክፈርት መሸጋገሪያ ይበቃል። የሚፈቅደው ግን በዓለም አቀፉ መሸጋገሪያ ክልል ውስጥ መቆየትን ብቻ ነው፤ ከመቆጣጠሪያው ወዲያ አያሻግርም። ይህን ልብ ካልክ ስለ ሻንጣውም ስለ ላውንጁም የምነግርህ ሁሉ ግልጽ ይሆንልሃል።

ታዲያ አንድ ትኬት መሆኑ በምን ይታወቃል? ኢንተርኔት ላይ አንድ ገጽ፣ አንድ ዋጋ ስለታየ አንድ ትኬት ነው ማለት አይደለም። አንዳንድ ሻጮች ሁለት የማይተዋወቁ ትኬቶችን አጣምረው በአንድ ዋጋ ያሳያሉ፤ በትንንሽ ፊደል «ሻንጣዎን ራስዎ ያሸጋግሩ» የሚል ማስጠንቀቂያ አስቀምጠው ያልፋሉ። የምታየው የትኬቱን ቁጥር ነው። ትኬት 13 አሃዝ አለው፤ የመጀመሪያዎቹ ሦስቱ ያወጣውን አየር መንገድ ይነግሩሃል። የኢትዮጵያ አየር መንገድ ከሆነ 071፣ የሉፍታንዛ ከሆነ 220 ነው። ከድሬዳዋ እስከ ቶሮንቶ ያሉት በረራዎች በሙሉ በአንድ ቁጥር ሥር መዋላቸውን አረጋግጥ። አንድ ቁጥር የሚይዘው አራት በረራ ብቻ ስለሆነ፣ ደርሶ መልሱ ስድስት በረራ ሲሆን ሁለት ተከታታይ ቁጥሮች ይወጣሉ፤ የመጨረሻው አሃዝ በአንድ ብቻ ይለያያል። ያ ጤናማ ነው። አንዱ በ071፣ ሌላው ፈጽሞ በማይገናኝ ቁጥር ከጀመረ ግን ሁለት የተለያዩ ትኬቶች ናቸው።

አማራጭ ሁለት አለህ። አንደኛው የኢትዮጵያ አየር መንገድ ከአዲስ አበባ ቶሮንቶ የሚበርበት መስመር ሲሆን ከድሬዳዋ ጀምሮ በአንድ ትኬት ይቆረጣል። ሲሄድ መንገድ ላይ ነዳጅ ለመሙላት ይቆማል። ቦሌ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ስለሆነ አየሩ ስስ ነው፤ ትልቅ አውሮፕላን ሙሉ ሰውና ሙሉ ነዳጅ ይዞ ከዚያ መነሳት ይከብደዋል። መንገደኛ ብዙውን ጊዜ ከመቀመጫው አይነሳም፤ እናትህ «ደረስን እንዴ?» ብለው እንዳይወርዱ አስቀድመህ ንገራቸው። ሁለተኛው ያንኑ የፍራንክፈርት መንገድ በአንድ ትኬት መግዛት ነው። የኢትዮጵያ አየር መንገድ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ከ2011 መጨረሻ ጀምሮ ስታር አሊያንስ የተባለው የአየር መንገዶች ኅብረት አባል ነው፤ ሉፍታንዛና ኤር ካናዳ ደግሞ ኅብረቱን በ1997 ከመሠረቱት ውስጥ ናቸው። ስለዚህ ሦስቱን በአንድ ትኬት ማያያዝ የተለመደ ሥራ ነው፤ ሻንጣውም በቀጥታ ቶሮንቶ ይላካል።

የእኔን ምርጫ ከጠየቅኸኝ የመጀመሪያው ነው፤ ዋጋው ከፍ ቢልም። ጉልበት ለሚያማቸውና ቋንቋ ለማይችሉ እናት አንድ መሸጋገሪያ መቀነስ ከየትኛውም ላውንጅ ይበልጣል። የዋጋውን ልዩነት ስታሰላ ርካሹ ትኬት ስንት ሻንጣ እንደሚፈቅድ ተመልከት፤ ለላውንጅ ልትከፍል ያሰብከውንም ደምር። ብዙ ጊዜ ልዩነቱ መጀመሪያ እንደታየው ሰፊ አይደለም።

ወደ ድሬዳዋው በረራ ልምጣ፤ ሰው የሚንቀው ይህን ነው። አንድ ሰዓት ያህል የምትፈጅ አጭር በረራ ናት፤ ነገር ግን እሷ ከዘገየች የሌሊቱ ጉዞ አብሮ ይበላሻል። ሁሉም በአንድ ትኬት ከሆነ አየር መንገዱ በሚቀጥለው በረራ የማሳፈር ኃላፊነት አለበት። ለብቻ ከቆረጣችሁት ግን ኃላፊነቱ የእናንተ ነው። ወደ አውሮፓና ወደ አሜሪካ የሚሄዱት በረራዎች ከቦሌ የሚነሱት አብዛኛውን ጊዜ ማታና ሌሊት ስለሆነ፣ ከድሬ የመጨረሻውን በረራ አትምረጥ። በጠዋቱ ወይም በቀትሩ ይሂዱ፤ ቦሌ ላይ ጥቂት ሰዓት መቀመጥ ይሻላል። ከሐረር ስትወርዱም ደንገጎ ቁልቁለት ላይ የጭነት መኪና መንገድ ቢዘጋ የሚተርፍ ሰዓት ይኑራችሁ።

ድሬዳዋ መመዝገቢያው ላይ ሻንጣው ሲመዘን ቁምና የሚታሰረውን መለያ አንብብ። በትልቁ የሚጻፉት ሦስት ፊደላት የመጨረሻው መድረሻ ናቸው። «ዋይ ዋይ ዜድ» ካለ ቶሮንቶ ነው። «ኤ ዲ ዲ» ብቻ ካለ ሻንጣው አዲስ አበባ ላይ ይወርዳል፤ ያን ጊዜ ሳትቆጣ ሠራተኛውን እስከ ቶሮንቶ እንዲያስተካክለው ጠይቀው። የቀጣዩን በረራ ቦርዲንግ ፓስም (የመሳፈሪያ ወረቀት) እዚያው ማውጣት ከተቻለ ይውጣላቸው። ለእናንተ በሚሰጠው የመለያው ቁራጭ ላይ ያለችውን የሻንጣ ቁጥር በስልክህ ፎቶ አንሳት፤ ሻንጣ ቢጠፋ የምትፈለገው በእሷ ነው።

የሰዓቱን ነገር አደራ እልሃለሁ። ትኬት ላይ የሚጻፈው በ24 ሰዓት አቆጣጠር ስለሆነ 22:30 ማለት ከምሽቱ 4:30 ነው። ከሁሉ የሚከፋው ከእኩለ ሌሊት በኋላ ያለው ነው። ትኬቱ «ማክሰኞ 00:20» ካለ፣ ያ እኛ ሰኞ ለማክሰኞ አጥቢያ ከሌሊቱ 6:20 የምንለው ነው፤ እናትህ ቦሌ መገኘት ያለባቸው ሰኞ ማታ ነው ማለት ነው። ማክሰኞ ማታ በሽኝት አጀብ፣ ሻንጣ ተሸክመው፣ ትናንት ወደሄደ አውሮፕላን የመጡ ቤተሰቦች አጋጥመውኛል። በጣም ያሳዝናል፤ ብዙ ጊዜ ገንዘቡም አይመለስም።

ቦሌ ላይ የአገር ውስጡ በረራ የሚያርፈው በአንደኛው ተርሚናል ነው፤ ዓለም አቀፉ የሚነሳው ከሁለተኛው ነው። ሁለቱ ጎን ለጎን ቢሆኑም መሐል ላይ ፍተሻ፣ ኢሚግሬሽንና ሁለተኛ ፍተሻ አለ። በሌሊቱ የመነሻ ሰዓት ከአፍሪካ ከተሞች የመጣው መንገደኛ ሁሉ እዚያው ስለሚገናኝ ሰልፉ ይረዝማል። ለዚህ መፍትሔው ዊልቸር ነው። ብዙ እናቶች «እኔ አካል ጉዳተኛ ነኝ እንዴ?» ብለው ያፍራሉ፤ አታሳፍራቸው፣ አስረዳቸው። አገልግሎቱ የተሠራው በትክክል ለእሳቸው ዓይነት መንገደኛ ነው። ክፍያ የለውም። ወንበሩን የሚገፋው ሠራተኛ ከአንዱ በር ወደ ሌላው ያደርሳቸዋል፤ ቋንቋ ለማይችል ሰው ደግሞ ከዚህ የሚበልጥ መሪ የለም። በአውሮፓ ኅብረት ሕግ ፍራንክፈርትን የመሰለ አውሮፕላን ማረፊያ ይህን ድጋፍ በነፃ የመስጠት ግዴታ አለበት፤ በሚገባ እንዲሰናዳ ግን ጥያቄው ከ48 ሰዓት በፊት መድረስ አለበት። ስታስመዘግብ ሦስት ደረጃ እንዳለ እወቅ፦ ደረጃ መውጣት የሚችል ግን ረጅም መንገድ መሄድ የማይችል፣ ደረጃ መውጣት የማይችል፣ እስከ መቀመጫው ድረስ መደገፍ ያለበት። የእናትህ ጉልበት የአውሮፕላን ደረጃ የማይወጣ ከሆነ ሁለተኛውን አስመዝግብ። የመጀመሪያውን ካስመዘገብክ ደረጃው ሥር አድርሰዋቸው «ይውጡ» ይሏቸዋል።

አሁን ወደ ላውንጁ። የወንድምህ ሐሳብ ከፍቅር የመጣ ነው፤ ባሰበው መንገድ ግን አይሆንም። የስታር አሊያንስ የወርቅ አባል ላውንጅ ሲገባ አንድ እንግዳ ይዞ መግባት ይችላል። ነገር ግን አባሉ ራሱ በዚያ ቀን በኅብረቱ አውሮፕላን የሚጓዝ፣ በሩ ላይ ካርዱንና ቦርዲንግ ፓሱን ይዞ የቆመ መሆን አለበት፤ እንግዳውም እንደዚሁ በኅብረቱ በረራ ተጓዥ መሆን አለበት። ቶሮንቶ ተቀምጦ ፍራንክፈርት ላይ እናቱን ማስገባት አይችልም። ካርዱን በፖስታ ቢልክላቸውም ስሙ ስለማይገጥም ይመለሳሉ። እንደ ፕራዮሪቲ ፓስ ያሉት የላውንጅ ካርዶችም የሚሠሩት ለባለቤታቸው ነው። ሊሰጣቸው የሚችለው ሌላ ነገር አለ፤ በመብረር ያጠራቀመው ማይል፣ ማለትም አየር መንገዱ የሚሰጠው ነጥብ። በማይሉ ለእናቱ የቢዝነስ ክፍል ትኬት ማውጣት ወይም ደረጃውን ማሳደግ ይቻል እንደሆነ ይጠይቅ። የቢዝነስ መንገደኛ ላውንጅ የሚገባው በራሱ ቦርዲንግ ፓስ ነው፤ ቦሌ ላይም ክላውድ ናይን የተባለው የአየር መንገዱ ላውንጅ ለእነሱ ክፍት ነው። ማይሉ ለአንድ ጉዞ ብቻ የሚበቃ ከሆነ ለመልሱ ያውለው፤ ረጅሙ ጥበቃ ያለው እዚያ ነው።

ሌላው መንገድ በገንዘብ መግባት ነው። በትልልቅ አውሮፕላን ማረፊያዎች የየትኛውም አየር መንገድ ያልሆኑ፣ ከፍሎ የሚገባባቸው ላውንጆች አሉ፤ በኢንተርኔትም ይያዛሉ። አብዛኛውን ጊዜ የሚፈቅዱት ሦስት ሰዓት ያህል ነው፤ ስለዚህ ከጠዋት እስከ ማታ ያለውን ጥበቃ በአንድ ክፍያ አይሸፍኑም። ከመክፈልህ በፊት ግን ቦታውን መርምር። የፍራንክፈርት አንደኛው ተርሚናል ኤ፣ ቢ፣ ሲ እና ዜድ ተብሎ የተከፈለ ነው። ኤ ለሸንገን አገሮች በረራ ነው፤ ዜድ ከኤ በላይ ባለው ፎቅ ላይ ሆኖ ከሸንገን ውጭ ላሉት ነው። ሁለቱ አንዱ በሌላው ላይ የተሠሩ ቢሆኑም በመሐላቸው የፓስፖርት መቆጣጠሪያ አለ። ላውንጁ በሸንገን ወገን ወይም ከፍተሻ ውጭ ባለው አዳራሽ ከሆነ፣ እናትህ የተከፈለበትን ክፍል ሳያዩ ይመለሳሉ። ስትይዝ «ከሸንገን ውጭ ባለው የመሸጋገሪያ ክልል ውስጥ ነው ወይ?» ብለህ ጠይቅ፤ መልሱን በጽሑፍ ካላገኘህ አትክፈል።

በሄዱበት ሰባት ሰዓት ላውንጅ የግድ ነው አልልም። ዊልቸር የተመዘገበለት መንገደኛ የሚጠብቅበት ቦታ አለ፤ ሠራተኞቹም የት እንዳለ ያውቁታል። ላውንጅ ከገቡ ግን ያደረሳቸው ሠራተኛ በስንት ሰዓት ተመልሶ እንደሚወስዳቸው በወረቀት ይጻፍላቸው። ሳይናገሩ ተነስተው ከሄዱ ሊወስዳቸው የመጣው ሰው ያጣቸዋል። ብዙ ላውንጆች በረራ በድምፅ አይጠሩም፤ ሰሌዳውን ማንበብ የመንገደኛው ፋንታ ነው። እናትህ ሰሌዳውን የማያነቡ ከሆነ ለስላሳው ወንበርና ጸጥታው ራሱ አደጋ አለው፤ እንቅልፍ ይወስዳቸውና በሩ ይዘጋል። ቪዲዮ ጥሪ የሚችል ስልክ ይያዙ፤ ወንድምህ ወይም አንተ አንድ ሰዓት ተኩል ሲቀረው ደውሉላቸው። ጀርመን በበጋቸው ከእኛ አንድ ሰዓት፣ በክረምታቸው ሁለት ሰዓት ወደኋላ እንደሆነች አትርሳ።

ለመልሱ የቀን ሙሉ ጥበቃ ግን ለሦስት ሰዓትም ቢሆን ላውንጅ ብትይዝላቸው ደስ ይለኛል። አሥር ሰዓት የማይሞላ በረራ ቁጭ ብለው አድረው የመጡ ሰው ፊታቸውን ታጥበው፣ ትኩስ ሻይ ጠጥተው፣ እግራቸውን ዘርግተው ቢያርፉ ልዩነቱ ትልቅ ነው። ሰላት የሚሰግዱ ከሆነ ዉዱእ ማድረጊያ ምቹ ቦታ ማግኘታቸውም ቀላል ነገር አይደለም። ላውንጅ ባይገቡም አውሮፕላን ማረፊያው የጸሎት ክፍሎች አሉት፤ «የጸሎት ክፍል» የሚለውን በጀርመንኛና በእንግሊዝኛ ወረቀት ላይ ጻፍላቸውና ለሠራተኛ ያሳዩ። ምግቡ ላይ ይጠንቀቁ፤ የአሳማ ሥጋ ከሌላው ጎን ለጎን ይቀርባል። ለአውሮፕላኑ ምግብ ግን የሙስሊም ምግብ ትኬቱ ላይ ይመዝገብ፤ ቢያንስ ከአንድ ቀን በፊት መድረስ አለበት። በረራው ሁለት አየር መንገድ ከሆነ ለሁለቱም መድረሱን አረጋግጥ።

ከአዲስ አበባ ፍራንክፈርት ሲደርሱ እንደገና ይፈተሻሉ። ቦሌ ውስጥ የተገዛ የውኃ ጠርሙስ እዚያ ሊወሰድ ይችላል። ማርና ቅቤም በእጅ ቦርሳ ውስጥ እንደ ፈሳሽ ይቆጠራሉ፤ ከ100 ሚሊ ሊትር በላይ ከሆኑ ሊወሰዱ ይችላሉ። መድኃኒታቸውን ግን በእጅ ይያዙ፤ ከሐኪም ማዘዣው ጋር።

ሻንጣውን በሚመለከት ለሐረርና ለድሬ ሰው ሁሉ የምለው አለኝ፤ በብርቱ የምለውም ይህን ነው። እናትህ ቶሮንቶ ሊሄዱ እንደሆነ ሲሰማ ጎረቤቱ፣ ዘመዱ፣ የዘመድ ዘመዱ ጠቅልሎ ይመጣል። «ለልጄ አድርሺልኝ፣ ሻይ ቅጠል ነው» የተባለው ጥቅል ውስጥ ደርቆ የተፈጨ ጫት ሊኖር ይችላል። ለእኛ ከደጅ የሚሸመት ነው፤ ካናዳና ጀርመን ግን ወንጀል ነው፤ እንግሊዝም እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ከ2014 ጀምሮ ከልክላለች። ሻንጣው በፍራንክፈርት ማለፉ ብቻ ለመፈተሽ ይበቃል። መለያው ላይ ያለው ስም የእናትህ ነው፤ «የጎረቤት ነው፣ አላወቅኩም» ማለት አያድናቸውም። ቪዛቸው ተሰርዞ፣ ከልጃቸው ሳይገናኙ ሊመለሱ ይችላሉ። የተሰፋ፣ የታሸገ፣ ከሌላ ሰው እጅ የመጣ ጥቅል አትቀበሉ። የመጣውን ሁሉ ባለቤቱ ፊት ፍቱት፤ የሚቀየም ይቀየም። ቋንጣም ይቅር፤ ሥጋ ድንበር ላይ ይያዛል። የሐረር ቡናው፣ በርበሬው፣ ሽሮው ችግር የለውም፤ በሻንጣ ይግባ እንጂ በእጅ አይያዝ። ካናዳ ሲገቡ ምግብ መያዛቸውን ማሳወቅ ግዴታ ስለሆነ ወንድምህ የዕቃውን ዝርዝር በእንግሊዝኛ ጽፎ ይላክላቸው፤ እሳቸው ወረቀቱን ማሳየት ብቻ ነው የሚጠበቅባቸው።

በመልሱ ጉዞ ቶሮንቶ ላይ ወንድምህ ራሱ መመዝገቢያው ድረስ ይሸኛቸውና መለያው እስከ ድሬዳዋ ይሁን እስከ አዲስ አበባ አንብቦ ይደውልልህ። አዲስ አበባ ላይ የሚያበቃ ከሆነ ቦሌ ሻንጣ የሚቀበላቸው ዘመድ ይኑር፤ የድሬውም በረራ ሰፊ ሰዓት ይተውለት። ትኬቱ ሲቆረጥ ደግሞ የወንድምህ ስልክ ብቻ እንዳይመዘገብ። የበረራ ሰዓት ለውጥ ሲኖር መልእክቱ የሚላከው ለተመዘገበው ስልክ ነው፤ ቶሮንቶ በእኛ ረፋድ ገና ሌሊት ስለሆነ ወንድምህ ተኝቶ ሳያየው እናንተ ደንገጎን ወርዳችሁ ልትሆኑ ትችላላችሁ። የአንተን ስልክ በኢትዮጵያ መለያ ቁጥር ጀምረው ያስገቡት፤ ከጉዞው ሦስት ቀን ቀደም ብለህም ወደ ትኬት ቢሮ ደውለህ ዊልቸሩም ምግቡም ሰዓቱም እንደተመዘገበ መሆኑን አስነብብ።